ኮምፒውተር ላይ ቀረጥ ይጨመር ለተባለው ከጥገና ጠረጴዛ የተላከ መልስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጽሑፉን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው፤ ጋዜጣችሁ ከወጣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ አንድ ደንበኛ ኪቦርዱን ጠቅልሎ ባመጣበት ገጽ ላይ። ዳሩ ተቀዶ ነበር፣ ዋናው ሐሳብ ግን አልጠፋም፦ ከውጭ በሚገባ ኮምፒውተር ላይ ቀረጡ ከፍ ቢል አገር ውስጥ መገጣጠሚያ ይከፈታል፣ ወጣቱ ሥራ ያገኛል፣ ዶላርም ይተርፋል። ጸሐፊው ለዚህ ምስክር አድርገው የጠሩት አሜሪካንን ነው። እሷ እንኳ በሯን በቀረጥ እያጠበበች ባለችበት ዘመን እኛ ለምን ወለል አድርገን እንከፍታለን ይላሉ።

እኔ የኢኮኖሚ ምሁር አይደለሁም፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት በ1999 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ከማህሙድ ሙዚቃ ቤት ወረድ ብሎ፣ ከአንድ ሰዓት ጠጋኝ ጋር ለሁለት በተከራየናት ክፍል ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃዬን በሁለት ዳማስ ጭኜ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጣሁ። ሰዓት ጠጋኙ ልጁ ዘንድ አያት ሰፈር ገባ። ከዚያ ወዲህ የእጅ ሰዓቴ ቆሟል፤ ለሌላ ሰው መስጠት አልሆነልኝም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልመን። ጸሐፊው ያሉት ቢፈጸም እኔ ተጠቃሚ መሆን የሚገባኝ ሰው ነኝ። አዲሱ ሲወደድ ሰው አሮጌውን ያስጠግናል፤ ያስጠገነ ደግሞ ይከፍለኛል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ በኋላ የሆነውም ይኸው ነው። አቧራ የጠጣ ላፕቶፕ ሁሉ ከቁም ሣጥን ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። ነገር ግን በዚያው ዓመት «አይሆንም፣ ይውሰዱት» ብዬ የመለስኩት ደንበኛ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከመለስኩት ሁሉ በለጠ። ሰው መጣ፣ መለዋወጫ ጠፋ። ለጸሐፊው ልነግራቸው የፈለግኩት ይህን ነው።

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው አንዲት እናት አሉ። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ አቤቱታ ሲተይቡ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር ከአንዳንድ ጠበቃ በላይ ያውቁታል። ባለፈው ወር ዴስክቶፓቸውን ልጃቸውን አሸክመው መጡ። ሊፍቱ ስለማይሠራ ሦስቱን ፎቅ በእግራቸው ነው የወጡት። ወንበር ላይ ትንሽ ተንፍሰው፣

«ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት አልነሣም አለኝ። ነገ ቀጠሮ ያላቸው የስድስት ሰዎች ወረቀት ውስጡ ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ አይጨነቁ፣ ጽሑፉ አይጠፋም። የሞተው ፓወር ሰፕላዩ፣ መብራት የሚያቀብለው ክፍል ነው።»

«እሱ ስንት ነው?»

ድሮ ይህችን ጥያቄ ሳላስብ ነበር የምመልሳት።

ማሽኑ ለቢሮ ተብለው ከሚሠሩት አንዱ ነው። ውጭ አገር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አገልግሎ፣ ዱባይ ደርሶ፣ ተወልውሎ አዲስ አበባ የገባ። ትልልቆቹ አምራቾች እነዚህን ሲሠሩ ፓወር ሰፕላዩን በራሳቸው ልክ ያደርጉታል። የተራው መሰኪያ ባለ 24 ፒን ሲሆን የዚህኛው ባለ 8 ነው፤ ቅርጹም ሌላ ነው። ስለዚህ ከሱቅ ያገኘነውን አንሥተን አንገጥምም፣ ያንኑ ዓይነት መፈለግ አለብን። የዋጋ ደብተር አለኝ፤ ገልጬ አየሁ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የዚህን ዓይነት ያገለገለ በ1,200 ብር ገዝቻለሁ። አሁን ሦስት ቦታ ደውዬ አንዱ ብቻ አለኝ አለ። የጠራልኝ 4,500 ብር ነው፣ ዋስትናም የለው።

«ምነው?» ስለው «የትራምፕ ታሪፍ ነዋ፣ ወንድሜ!» አለኝ።

በዚህ ሰሞን የትራምፕን ስም የማያነሣ ነጋዴ የለም፤ ቆይቶ ባለ ሽንኩርቱም ማንሣቱ አይቀርም። ሰውየው ሙሉ በሙሉ ዋሽቷል አልልም። እውነቱ ግን ከዚያ የተወሳሰበ ነው፣ ጸሐፊውም የተሳሳቱት እዚሁ ላይ ይመስለኛል።

ክዳኑን ከፍቼ እትዬን አሳየኋቸው። ፕሮሰሰሩ ላይ «ኮስታ ሪካ» የሚል ተጽፏል። ሃርድ ዲስኩ ታይላንድ፣ ራሙ ኮሪያ፣ የሞተው ፓወር ሰፕላይ ቻይና። ፕሮሰሰሩ ራሱ እንኳ የአንድ አገር ልጅ አይደለም። ኢንቴል ሲሊከኑን የሚሠራው አሜሪካ፣ አየርላንድ ወይም እስራኤል ነው፤ ቆርጦ፣ አሽጎ፣ ፈትሾ የሚያወጣው ደግሞ እንደ ማሌዥያና ቬትናም ባሉ አገሮች ነው። ኮስታ ሪካም ከእነዚህ አንዷ ነበረች። «ይህ ሁሉ አገር ዞሮ ነው ልደታ የመጣው?» አሉ እትዬ፤ ትንሽም ኮሩበት መሰለኝ።

ይህ ሁሉ አገር ዞሮ የሚመጣ ዕቃ ላይ የአንዱ አገር ቀረጥ ምን እንደሚያደርግ ከአሜሪካ መማር እንችላለን፤ ጸሐፊው ከጠቀሱት በተቃራኒ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 አሜሪካ ከቻይና በሚገቡ ብዙ ዕቃዎች ላይ 10 ከመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች፤ ማዘርቦርድና ግራፊክስ ካርድ ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በግንቦት 2019 ወደ 25 ከመቶ ከፍ አለ። ፋብሪካው ታዲያ ወደ አሜሪካ መጣ? ጠቅልሎ የሄደው በአብዛኛው ወደ ታይዋን፣ ቬትናም፣ ታይላንድና ሜክሲኮ ነው። ቀረጡን ማን ከፈለ የሚለውንም የአገሪቱ ኢኮኖሚስቶች አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ ጥናቶች ያገኙት ቻይናዊው ሻጭ ዋጋ እንዳልቀነሰ፣ ቀረጡ ከሞላ ጎደል እንዳለ በአሜሪካዊው ገዢ ጫንቃ ላይ እንዳረፈ ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን 2025 መጣ። በዚያ ቀን ትራምፕ ባነበቡት የቀረጥ ዝርዝር ቬትናም 46፣ ታይላንድ 36፣ ታይዋን 32 ከመቶ ተመደበባቸው። ልብ በሉ፣ ከቻይና የሸሸው ፋብሪካ የተጠለለባቸው አገሮች ናቸው። የእኛይቱ ኢትዮጵያ 10 ደረሳት። በቻይና ላይ ያለው በቀናት ውስጥ ተደራርቦ 145 ከመቶ ገባ። ሚያዝያ 11 ደግሞ ኮምፒውተር፣ ስልክ፣ ቺፕና ኤስኤስዲ ከአዲሱ ቀረጥ ይውጡ ተባለ። በግንቦት ወር ጄኔቫ ላይ ተነጋገሩና የቻይናው ወደ 30 ወረደ። እስቲ በዚህ ዓይነት ሰሞን መርከብ ላይ ዕቃ ያለው ሰው ዋጋ ምን ብሎ ይለጥፍ? ኤሰር ገና በየካቲት የአሜሪካ ላፕቶፖቹ ዋጋ 10 ከመቶ ገደማ ሊጨምር ነው ብሎ ነበር። ፍሬምወርክ የሚባለው፣ ሰው ራሱ ፈትቶ እንዲጠግነው አድርጎ ላፕቶፕ የሚሠራው ኩባንያ (እንደ እኔ ላለ ሰው የሕልም ዕቃ ነው) በሚያዝያ ርካሽ ሞዴሎቹን አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ለጊዜው አቁሞ ነበር።

ጠጋኝ ስለሆንኩ ዓይኔ ያረፈው ግን ሌላ ቦታ ነው። ያ የሚያዝያ 11 ዝርዝር የተጻፈው በታሪፍ ቁጥር፣ ጉምሩክ ዕቃን በሚለይበት ቁጥር ነው። 8471 ኮምፒውተሩ አለ፤ 8473.30 የኮምፒውተር ክፍሎች አለ፤ 8542 ቺፕ አለ። 8504 ግን የለም፤ ፓወር ሰፕላይና ቻርጀር የሚመደቡት እዚያ ነው። 8507 የለም፤ ባትሪ ነው። ሙሉው ኮምፒውተር ከአዲሱ ቀረጥ ነፃ ሆኖ አለፈ፣ የተበላሸውን የሚያድነው ዕቃ ኬላ ላይ ቀረ። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይመስለኝም። ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች ስለሚሸጥ ኮምፒውተር እንጂ ስለሚጠገን አላሰቡም።

ያንኑ የቁጥር ጣጣ እኔ እዚህ ቀምሼዋለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ሃምሳ የሚሆኑ ፓወር ሰፕላዮችና የላፕቶፕ ቻርጀሮች አስመጣን። ትራንዚተራችን (ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅልን ሰው) ሁሉንም «የኮምፒውተር ክፍል» ብሎ 8473 ላይ ዲክላራሲዮን ሞላ። አይደለም፣ 8504 ነው ተባለ፤ ሕጉም እንደዚያ ነው፣ የተሳሳተው የኛው ሰው ነው። ልዩነቱን እስክንከፍል፣ ወረቀቱ እስኪስተካከል፣ የመጋዘን ኪራዩ ሲቆጥር ከወር በላይ ሄደ። ኮምፒውተሩ በአንድ ቁጥር ይገባል፣ ቻርጀሩ በሌላ፣ ባትሪው በሌላ፣ ገመዱ በሌላ፤ እያንዳንዱ የየራሱ ልክ አለው። ጸሐፊው «ኮምፒውተር ላይ» ሲሉ የትኛውን ቁጥር ማለታቸው እንደሆነ ብጠይቃቸው ደስ ይለኛል።

አሁን የኛን ቤት ሒሳብ እንይ። ጅቡቲ ደርሶ 100 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ እንውሰድ፤ ይህ ዋጋ የመርከቡን ኪራይና መድኑን ይጨምራል፣ ቀረጡ የሚሰላው በዚያ ላይ ነውና። ቀረጡ ለምሳሌ 10 ከመቶ ነው እንበል። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ዕቃው 5,700፣ ቀረጡ 570 ብር ነበር። ዛሬ በ150 ብር እንኳ ብናሰላው ዕቃው 15,000፣ ቀረጡ 1,500 ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ደግሞ ዕቃው ላይ ብቻ ሳይሆን ቀረጡም ላይ ነው የሚታሰበው፦ ከ16,500 ላይ 15 ከመቶ፣ 2,475 ብር። ድሮ ከ6,270 ላይ 940 ነበር። መቶኛው እንዳለ ነው፤ ከኪስ የሚወጣው ብር ግን ሁለት እጥፍ ተኩል አልፏል። በምንዛሪው ብቻ ቀረጥ ከፍ ብሏል። ጸሐፊው የሚመኙት ጭማሪ እኮ ተደርጓል! ታዲያ በዚህ ዓመት ተኩል ስንት የኮምፒውተር መገጣጠሚያ ሲከፈት አዩ?

ለነጋዴው ፍትሐዊ ልሁንና፣ የአሜሪካውም ቀረጥ በጎን በር ገብቷል። ያገለገለ ላፕቶፕ የምታቀርብልኝ ሴት ዱባይ፣ «የኮምፒውተር ጎዳና» ከሚሉት ሰፈር ነው የምትለቅመው። አዲስ ማሽን ይወደዳል ብለው የፈሩ ድርጅቶች የያዙትን ዓመት ጨምረው እየተጠቀሙበት ነው፣ ጥሩ ጥሩው ወደ ገበያ አይወጣም ትለኛለች። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት ጥቅምት 14 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ስላቆመ አሮጌው እንደ ጉድ ይወጣል። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው፦ ስድስተኛና ሰባተኛ ጀነሬሽን (የኢንቴል ፕሮሰሰር ትውልድ ማለት ነው) እንደ ልብ ነው፣ ስምንተኛና ከዚያ በላይ የሆነው ግን ሲመጣ በሰዓታት ያልቃል። የስድስት ኪሎ ተማሪ ወጪውን ለማሳነስ ሰባተኛውን ይገዛና ዊንዶውስ 11 እምቢ ሲለው እኔ ጋ ይመጣል።

ራም ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ እዚህ ላይ ትራምፕን ነፃ አወጣለሁ። ባለፈው ክረምት 8 ጊጋ ዲዲአር 4 በ2,800 ብር እገጥም ነበር። አሁን 7,000 ብር ይሉሃል። የዓለምን ራም በአብዛኛው የሚሠሩት ሦስት ናቸው፦ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን። ሦስቱም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የሚሆነውን ውድ ሜሞሪ ለመሥራት ዞረዋል። ማይክሮን ታኅሣሥ 2025 (እ.ኤ.አ.) ላይ ክሩሻል የተባለውን ለተራው ገዢ የሚያቀርበውን ምርት እንደሚተው ይፋ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2011 ታይላንድ በጎርፍ ተጥለቅልቃ የሃርድ ዲስክ ዋጋ ፒያሳ ላይ በአንድ ወር ሲያብድ አስታውሳለሁ፤ ያኔም ሻጩ ሁሉ የየራሱን ምክንያት ይሰጥ ነበር። የዋጋን ምክንያት ሳያጣሩ መድኃኒት ማዘዝ አይቻልም ለማለት ነው ያነሣሁት።

መገጣጠሚያ ይከፈት መባሉን አልጠላም። የቴክኖ ስልክ እዚሁ እየተገጣጠመ ይሸጣል፣ የሠፈሬ ልጆች እንደዚያ ያለ ቦታ ተቀጥረው እንጀራ በልተዋል። ነገር ግን ስልክ ጥቂት ሞዴል በብዙ መቶ ሺህ የሚሸጥ ዕቃ ነው። የእኛ ኮምፒውተር ገበያ ደግሞ ከመላው ዓለም ቢሮ የተለቀመ፣ ሁለቱ የማይመሳሰል ስብስብ ነው። ደግሞም መገጣጠም ማለት ማዘርቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ባትሪውን አስመጥቶ ብሎን ማጥበቅ ነው፤ ዶላሩ የሚወጣው ለማዘርቦርዱ እንጂ ለብሎኑ አይደለም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ የትንንሽ ኮምፒውተር ገበያዋን ለአገር ውስጥ አምራች ብቻ አድርጋ ሞክራዋለች። ሰው ከዓለም ዋጋ እጅግ በበለጠ ዋጋ ወደኋላ የቀረ ማሽን ገዛ፣ የቻለ ከፓራጓይ በኮንትሮባንድ አስገባ፤ በ1992 ተዉት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው። የኛው ኮንትሮባንድ ደግሞ ገና ሳይጠሩት የሚመጣ ነው። በሻንጣ የገባ ራም ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ የሌለውን እኔ ለመሥሪያ ቤት ልገጥም አልችልም፣ ስለዚህ የወረዳው ኮምፒውተር ተሸፍኖ ይቀመጣል።

ሌላው ዓለም በዚህ ዕቃ ላይ ቀረጥ ይቅር ብሎ የተስማማው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲንጋፖር ላይ ነው። ከአፍሪካም ግብፅ፣ ሞሮኮና ሞሪሺየስ ገብተውበታል። እኛ የዓለም ንግድ ድርጅትን ለመቀላቀል ካመለከትን ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየተደራደርን ነው። እስከዚያው ግን የታሪፍ መጽሐፉን የምናወጣው እኛው ነን። ገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ ያለ ሰው ይህን ካነበበ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፦ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ፣ ቻርጀር፣ ባትሪና ስክሪን ላይ የሚከፈለው ቢያንስ በሙሉው ኮምፒውተር ላይ ከሚከፈለው አይብለጥ። ፋብሪካ ለሚከፍት የሚሰጠው ማበረታቻ ለጠጋኝም ይታሰብ። ዘጠኝ ልጆች አሠልጥኜ አውጥቻለሁ፤ አምስቱ የራሳቸው ጠረጴዛ አላቸው። እኛም ሥራ ፈጥረናል እኮ።

የእትዬን ነገር ልጨርስ። 4,500 ብሩን ለመክፈል ፈቃደኛ ነበሩ፣ እኔ ግን ዋስትና የሌለው ዕቃ ላይ ላስገባቸው አልፈለግኩም። ከመደርደሪያዬ ሁለት የሞቱ የዚያ ዓይነት ፓወር ሰፕላዮች አውርጄ የአንዱን ካፓሲተሮች ለሌላው ሰጠሁ፣ ማራገቢያውን ከሦስተኛው ነቀልኩ። እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። 900 ብር ተቀበልኩ፤ «እትዬ፣ ይህ ማስታገሻ ነው፣ ስድስት ወር ቢቆይ ዕድለኛ ነን፣ ጽሑፎችዎን ፍላሽ ላይ ይገልብጡ» ብዬ ሸኘኋቸው። የስድስቱም ሰዎች ወረቀት በማግስቱ ደርሷል።

ይህን ደብዳቤ የተየቡልኝም እሳቸው ናቸው፣ በዚያው ማሽን። ሲጨርሱ፣ «ቁጥርና ማኅተም የለውም፣ አይቀበሉህም» አሉኝ። ለጋዜጣ ነው አልኳቸው።

የኮምፒውተር ጠጋኙ
ከቴዎድሮስ አደባባይ፣ አዲስ አበባ
ጥር 2018 ዓ.ም.